አንድ ቁልፍ ለስንት በር?

በዚህ ወር የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ፣ ሲደርስ ግን ትልቅ የሆነ ነገር ነው፤ ይኸውም የበር ቁልፍ ነው። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በተቆረቆረው በከዚራ ሰፈር ያሉት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በረንዳ ያላቸው፣ ለነፋስም ሲባል ከአንድ በላይ በር የተከፈተላቸው ናቸው። ቀን ለሙቀቱ የተከፈተው በር ሁሉ ማታ መቆለፍ ስላለበት፣ የቤት እመቤት የምትይዘው የቁልፍ ዘለላ ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ ይሄዳል።

እኛም ይህን ቸል ብለን ስንኖር አንድ ሌሊት ትምህርት አገኘን። አሮጊት እናታችን በድንገት ታመው ሲጣሩ፣ እንደ ልማዳቸው በሩን ከውስጥ ቆልፈው ቁልፉን ከራስጌያቸው አኑረውት ነበርና፣ ተነሥተው ለመክፈት ኃይል አጡ። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። እኛ በጨለማ ቆመን ዐሥራ አንድ ቁልፍ አንድ በአንድ ሞከርን፤ የከፈተው ዘጠነኛው ነበር። እሳቸው በደኅና ተፈወሱ፤ እኛ ግን በማግሥቱ ለቤቱ በሮች አንድ ቁልፍ ለማድረግ ቆረጥን።

ይህ እንዴት ይሆናል ለሚሉ አንባቢዎች፣ ነገሩ ቀላል ነው። ሊነስ ዬል የተባለው አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1861 ባስመዘገበው አሠራር፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ልዩ ልዩ ቁመት ያላቸው ጥቃቅን ዘንጎች ተደርድረዋል። የቁልፉ ጥርሶች ዘንጎቹን ልክ በሚገባቸው ከፍታ ሲያነሧቸው ሲሊንደሩ ይዞራል። እንግዲህ በሁለት ሲሊንደሮች ውስጥ ያሉት ዘንጎች በአንድ ዓይነት ቁመት ከተደረደሩ፣ አንዱ ቁልፍ ሁለቱንም ይከፍታል ማለት ነው። ስለዚህ በሩን መፈልፈል ወይም ቁልፉን በሙሉ መለወጥ አያስፈልግም፤ ብዙ ጊዜ ሲሊንደሩን ብቻ መለወጥ ይበቃል።

ደቻቱን ተሻግራችሁ ወደ መጋላ ገበያ ከመውረዳችሁ በፊት ግን ልኩን ውሰዱ። በበሩ ጠርዝ፣ ከምላሱ በታች ያለውን ረጅም ብሎን በካቻቢቴ ፈትታችሁ፣ ቁልፉን በመጠኑ አዙራችሁ ስትስቡት ሲሊንደሩ ይወጣል። ከብሎኑ ቀዳዳ መካከል እስከ ሁለቱ ጫፎች ለየብቻ ለኩ፤ አንዱ ወገን 30፣ ሌላው 40 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላልና። የሚሻለው አሮጌውን ራሱን ይዞ መሄድ ነው። ከበሩ ፊት አፍጥጦ የወጣ ሲሊንደር ሌባ በፒንሳ ይዞ ለመስበር ይመቸዋል።

ከሻጩም ዘንድ የምትፈልጉት በአንድ ቁልፍ የሚከፈት ስብስብ መሆኑን አስረዱ፤ ቁልፎቹም መልካቸው ስለ ተመሳሰለ አትታለሉ። ሒሳብ ሳትከፍሉ እያንዳንዱን ቁልፍ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ሞክሩ። የመኝታ ቤቱና የዋናው በር ሲሊንደር ከውስጥ በኩል ያለ ቁልፍ በጣት የሚዞር ቢሆን ይመረጣል፤ ተራው ዓይነት ከውስጥ ቁልፍ ከተሰካበት ብዙ ጊዜ ከውጭ አይከፈትም፤ መስኮቱ ሁሉ ፍርግርግ በሆነበት ቤት ደግሞ እሳት ቢነሣ መውጫው በሩ ብቻ ነው። ገጥማችሁ ስትሞክሩም በሩን ክፍት አድርጋችሁ ይሁን።

ነገር ግን ሁሉን በር ለአንድ ቁልፍ መስጠት ጥበብ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የዕቃ ቤቱ ቁልፎች ለልዩ ልዩ ሰዎች ተከፋፍለው የሚያዙበት ልማድ አለ፤ ይኸውም አንድ ሰው ብቻውን እንዳይከፍትና ማንም በከንቱ እንዳይታማ ነው። በቤትም እንደዚሁ፣ የግቢው፣ የሳሎኑ፣ የወጥ ቤቱና የመኝታው በር አንድ ቁልፍ ቢኖራቸው መልካም ነው፤ የተከራይ ክፍልና የሰነድ ቁም ሣጥን ግን ለየብቻ ይቆለፉ። ቁልፉ ለማን ለማን እንደ ተሰጠም የቤቱ ባለቤት ጽፎ ይያዝ፤ አንዱ ከጠፋ የጠፋው የቤቱ ሁሉ ቁልፍ ነውና፣ ሳይውል ሳያድር ሲሊንደሮቹን በሙሉ ማስለወጥ ይገባል።

በመጨረሻም፣ የከተማችን አቧራ ብዙ ስለሆነ ሲሊንደሩን ዘይት አታጠጡት፤ ዘይት አቧራውን ይዞ ያጣብቀዋል። ጠጠር ሲል የእርሳስ ዱቄት በቁልፉ ጥርስ ላይ ነስንሶ ደጋግሞ ማዞር ይበቃል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ዛሬ ማታ በሮቻችሁን ስትዘጉ ቁልፎቻችሁን ቁጠሩ፤ በጨለማ የትኛው የትኛውን እንደሚከፍት ካላወቃችሁ ጊዜው አሁን ነው።