አምፖሉን ማን ይግዛ? ትርፉንስ ማን ይብላ?



ባለፈው ጊዜ በዚሁ ሰሌዳ ላይ «አምፖላችንን በቆጣቢ አምፖል እንለውጥ» የሚል ማሳሰቢያ ተለጥፎ እንደ ነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ማሳሰቢያው የተጻፈው በቅን ልቦና ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ነገር ግን ጸሐፊው ሁላችንም አንድ ዓይነት ቤት፣ አንድ ዓይነት ቆጣሪና አንድ ዓይነት ኪስ ያለን አስመስሎ ተናገረ። እዚህ ሜክሲኮ ዙሪያ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገብቶ የግቢውን በር ገፋ ላደረገ ሰው ግን ነገሩ እንዲያ አይደለም። አንድ ቆጣሪ፣ አምስት ስድስት በር፤ አንድ ደረሰኝ፣ አምስት ስድስት ኪስ። በእንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ለሚኖር ሰው «አምፖልህን ለውጥ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስቲ በሒሳብ እንየው።

በመጀመሪያ ቆጣቢው አምፖል ውሸት አለመሆኑን እንቀበል። ያ የለመድነው ባለ ሽቦ አምፖል፣ ባለ 60 ሻማ የምንለው፣ ምድጃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሚበላው ኃይል ከመቶ አሥር እጁ እንኳ ብርሃን አይሆንም፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ጣራ ያሞቃል። እንደ በራ በእጁ ሊፈታው የሞከረ ሰው ያውቀዋል። ኤል ኢ ዲ የሚባለው አዲሱ አምፖል ግን ያንኑ ያህል ብርሃን በ9 ዋት ግድም ይሰጣል። ባለ 60ው በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 9 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ ባለ 9ኙ በዚያው ሰዓት 1.35 ብቻ ይቆጥራል። ስለዚህ በአንድ አምፖል በወር 7.65 ኪሎዋት ሰዓት ተረፈ ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ማሳሰቢያው ልክ ነው።

እንግዲህ ይህን 7.65 ይዘን ወደ ግቢው እንግባ። አምስት ቤተ ሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል፤ ሒሳቡ ሲመጣ ለአምስት እኩል ይካፈላል። ከአምስቱ አንዷ፣ ልብስ አጥባም ይሁን ቡና አፍልታ ሸጣ ባገኘችው ገንዘብ፣ ኤል ኢ ዲ ገዝታ ሰቀለች እንበል። የተረፈው 7.65 ለአምስት ይካፈላልና ለእሷ የሚደርሳት 1.53 ነው። የቀረው 6.12 አንዲት ሳንቲም ላላወጡት አራት ቤቶች ይሄዳል። ይኸ እንኳ ደግ ነው፤ በብዙ ግቢ ያለው ደንብ ደግሞ «በአምፖል» ነው። አንድ አምፖል ያለው ይህን ያህል፣ ሁለት ያለው ያን ያህል ይከፍላል፤ ባለ 60 ሻማ ይሁን ባለ 9 ዋት የሚጠይቅ የለም። በዚህ ደንብ ቆጣቢ አምፖል ገዝቶ የሰቀለ ተከራይ የሚያገኘው ትርፍ ስንት ነው? ዜሮ። ትርፉ በሙሉ ደረሰኙን በስሙ ለሚቀበለው ሰው ነው።

አንዲት እናት «እማማ፣ ያንን አምፖል ምነው ባይለውጡት?» ሲባሉ «ልጄ፣ አምፖሉን እኔ ልግዛ፣ ትርፉን አከራዬ ይብላ?» ብለው መለሱ። ይህን ንግግር የአለማወቅ ንግግር ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው፣ ከእማማ ይልቅ ሒሳብ የማያውቅ እሱ ነው።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። የመብራት ታሪፍ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር ዋጋው ከፍ የሚል ነው። የመጀመሪያው እርከን በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን፣ ዋጋው ዝቅ ብሎ የተያዘው አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው እንዳይጎዳ ተብሎ ነው። ታሪፉ ለብዙ ዓመታት ሳይነካ ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. ተሻሻለ፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተወሰነ። እንግዲህ አምስቱ ቤተ ሰብ እያንዳንዳቸው በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙና ለየብቻቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ኖሮ፣ አምስቱም በመጀመሪያው እርከን ይቀሩ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ላይ ሲደመሩ ግን 200 ይሆኑና ወደ ላይኛው እርከን ይወጣሉ። ለድኻ ተብሎ የተቀመጠው ዋጋ፣ ድኻው ተጠጋግቶ ስለሚኖር ብቻ አይደርሰውም። ብቻውን ቆጣሪ ይዞ ማታ ለመኝታ ብቻ የሚገባው ሰው ግን ይደርሰዋል። ይህ ታሪፉን የሚያወጡት ክፍሎች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር ነው፤ ከዚህ ሰሌዳ በላይ ስለሆነ አሁን አንገፋበትም።

ማሳሰቢያው ጭራሽ የዘለለው ደግሞ ምጣድን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚወስደው 3,500 ዋት ግድም ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ባለ 9 ዋቱ አምፖል በየቀኑ አምስት አምስት ሰዓት እየበራ 7 ላይ ለመድረስ ከአምስት ወር በላይ ይፈጅበታል። ታዲያ በሳምንት ሁለቴ የሚጋግር ቤት፣ የጎረቤቱን አምፖል በጣቱ እየጠቆመ ቆጥሮ ሲያስከፍል ምን ይባላል? እንጀራ አትጋግሩ አላልንም፤ ያለ እንጀራ እንዴት ይኖራል? ግን የጋገረ የጋገረበትን ይክፈል። በነገራችን ላይ ተከራዩም ቢሆን ጻድቅ አይደለም። «ያለኝ አንድ አምፖል ብቻ ነው» እያለ አልጋ ሥር ስቶቭ ደብቆ ሽሮውን የሚያንተከትክ ስንት አለ! በአምፖል የማስከፈል ደንብ እሱንም ሸሽጎት ይኖራል።

አምፖል ስለ መለወጥ ስንናገር ይህ በአገራችን አዲስ ነገር እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ግድም የግድቦች ውኃ አንሶ መብራት በፈረቃ ይሰጥ እንደ ነበር የማያስታውስ የለም። በዚያን ጊዜ መብራት ኃይል በዓለም ባንክ ድጋፍ ጥምዝምዙን ቆጣቢ አምፖል በነፃ አደለ። በመጀመሪያው ዙር 350,000 አምፖል ታደለ፤ ጠቅላላ ዕቅዱ 5 ሚሊዮን ነበር። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች በ2005 ዓ.ም. ግድም ባወጡት ጥናት፣ የመጀመሪያው ዙር ለአንድ ደንበኛ በወር ከ45 እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ማዳኑን ጻፉ። ቀላል ውጤት አይደለም። እዚያው ላይ ግን ከተገኘው ቁጠባ አንድ አምስተኛው በ18 ወር ውስጥ መጥፋቱንም ጻፉ። እንደ እኛ አስተያየት፣ አምፖል ሲታደል ማን ይከፍላል፣ ማን ይጠቀማል የሚለው አብሮ ካልተደለደለ ሰው ለቁጠባው ባለቤት አይሆንም። ያ ሁሉ አምፖል በነፃ ተሰጥቶ እንዲህ ከሆነ፣ ከኪስ ግዙ ሲባልማ!

አንዳንድ ወገኖች ደግሞ «የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት እያለን ስለ 9 ዋት ምን ያስጨቃጭቀናል?» ይላሉ። ግድቡ ያለው ጉባ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ግን እዚሁ ጥጋችን ላይ ነው። ማታ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ሁሉም አምፖሉን አብርቶ፣ ስቶቩን ሰክቶ፣ ይባስ ብሎም ምጣዱን ጥዶ ሲቀመጥ የሚጨነቀው ያ ትራንስፎርመርና የግቢው ቀጭን ሽቦ ነው። ምጣዱን ወደ ቀን ማዛወር ብቻውን አምስት አምፖል ከመለወጥ ይበልጣል። በኮሪደር ልማቱ የመንገዱ መብራት ዘመናዊ ሲሆን፣ ከአጥሩ ወዲህ ያለው የኛ ሽቦ ግን ያው የድሮው ነው።

ስለ አምፖሉ ጥራት ደግሞ አከራዮች የሚሉት እውነት አለበት። «ይኼ ኤል ኢ ዲ የምትሉት ሁለት ወር ሳይሞላው ይጠፋል» ይላሉ። እርግጥ ነው፤ በየመንገዱ በፌስታል የሚሸጠው አብዛኛው የተጻፈበትን አይሠራም። ጥሩው ግን ባለ ሽቦው ከሚቆይበት 1,000 ሰዓት ግድም እጅግ ይበልጣል። ስንገዛ ዋቱን ብቻ አይተን አንሸወድ። ካርቶኑ ላይ «ሉመን» የሚል ቁጥር አለ፤ የብርሃኑ መጠን ማለት ነው። ባለ 60 ሻማውን ለመተካት ወደ 800 ሉመን የሚጠጋ እንፈልግ። ሱቅ ውስጥ አስበርተን እንይ፤ ዋስትና ካለው ካርቶኑንና ደረሰኙን አንጣል። ዙሪያውን በድፍን ብርጭቆ የተዘጋ ፋኖስ ውስጥ መክተትም ሙቀቱን አፍኖ ቶሎ ያቃጥለዋል።

ጥምዝምዙ አምፖል ቤቱ ውስጥ የቀረለት ካለ ይህን ልብ ይበል። በውስጡ ጥቂት ሜርኩሪ አለ። ቢሰበር መስኮት ከፍቶ፣ ልጆችን አርቆ፣ ስብርባሪውን በወፍራም ወረቀት ሰብስቦ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ እንጂ በእጅ መልቀም አይገባም። ሚናማታ የተባለውን የሜርኩሪ ስምምነት የተቀበሉ አገሮችም በ2014 ዓ.ም. ባደረጉት ጉባኤ፣ ይህ ዓይነቱ አምፖል እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ከምርትና ከንግድ እንዲወጣ ወስነዋል። እንግዲህ የሚገዛ ሰው ኤል ኢ ዲውን ይግዛ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እኛ የምንለው፣ «በአምፖል» የሚባለው አከፋፈል ከየግቢያችን ይቅር ነው። በምትኩ በየበሩ ያለው ዕቃ በዋትና በሰዓት ይጻፍ፤ አምፖሉም፣ ስቶቩም፣ ካውያውም፣ ምጣዱም። ደረሰኙ በዚያ ልክ ይከፋፈል። አቅሙ ያለው ግቢ ለየበሩ ትንሽ ቆጣሪ በባለሙያ ያስገጥም፤ ይኸ የእርከኑን ጉዳይ ባይፈታም ጭቅጭቁን ይፈታል። በአምፖል ማስከፈል አልተውም የሚል አከራይ ካለ ደግሞ አምፖሉን ራሱ ይግዛ፤ ትርፉ የሱ ነውና። ክብሩንም ጥቅሙንም አልነካንበትም።

ለሚጠራጠር ሰው አንድ የሦስት በር ምሳሌ እንስጥ። አንደኛው በር አንድ ባለ 9 ዋት አምፖል አለው፤ በወር 1.35። ሁለተኛው ሁለት ባለ 60 ሻማ አለው፤ 18። ሦስተኛው በወር ስምንት ጊዜ ይጋግራል፤ 56። ድምሩ 75.35 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እኩል ሲካፈል እያንዳንዱ በር የ25 ይከፍላል። ባለ አንድ አምፖሏ እማማ የተጠቀሙት ግን 1.35 ነው። ይህን ወረቀት ያነበበ ሁሉ የግቢውን ዕቃ በዚሁ ዓይነት ጽፎ፣ የመጨረሻውን ወር ደረሰኝ ከጎኑ አድርጎ፣ ከጎረቤቶቹና ከአከራዩ ጋር ቡና ላይ ይነጋገርበት። የተቃውሞም ሆነ የድጋፍ ሐሳብ ያለው ሰው ጽፎ ከሰሌዳው ሥር ባለው ሣጥን ይክተትልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።