ባለቤቱን ጠይቁት

አትክልት ተራን በቀድሞ ቦታው ያወቃችሁ ሁሉ የማለዳውን ግርግር አትረሱትም። ጎሕ ሳይቀድ አይሱዙዎቹ ጭነታቸውን ይዘው ይደርሳሉ፤ ቲማቲሙ በእንጨት ሣጥን፣ ሽንኩርቱ በጆንያ፣ ጥቅል ጎመኑ በክምር ይወርዳል። ተሸካሚው «መንገድ! መንገድ!» እያለ ያልፋል፤ የእጅ ጋሪው ከኋላ ይከተለዋል። ከእግር በታች የረገፈው የጎመን ቅጠል ከጭቃው ጋር ተቦክቶ፣ በተለይ በክረምት፣ ሁለት ጤነኛ እግር ያለውንም ሰው ያንሸራትተዋል። የጅምላው ገበያ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም በ2013 ዓ.ም. ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሯል። ስሙ ግን ከከተማው ሰው አፍ አልጠፋም። እኔም ዛሬ ስለ አንድ ቁም ነገር ላጫውታችሁ ስነሣ መነሻዬን ያንኑ መሬት አድርጌዋለሁ።

እስቲ አንድ ሰው በሐሳባችሁ አቁሙልኝ። ይህ ሰው ወታደር ከመሆኑ በፊት በአትክልት ተራ ሽንኩርት ይነግድ ነበር እንበል። ዘመተ፤ ፈንጂ ረገጠና ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ፤ ከግራ እጁም ሦስት ጣቶች ጎደሉ። ሆስፒታል ተኝቶ ዳነ፤ ወደ ቤቱም ተመለሰ። ዘመድ አዝማድ «እንኳን ነፍስህ ተረፈች» ብሎ ጠየቀው። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን ጠያቂው ይቀንሳል፤ ሰውየውም ሌሊት ጣራ ጣራውን እያየ የራሱን ጥያቄ ያነሣል። የጆንያውን አፍ በአንድ እጄ እንዴት እሰፋዋለሁ? በዚያ ጭቃ ላይ እንዴት እቆማለሁ? ሚዛን ላይ ማን ያወጣልኛል? እያለ ያስባል። ይህ የእንጀራ ጥያቄ ነው፤ እንጀራ ብቻም አይደለም፤ በልጆቹ ፊት ቀና ብሎ የመቀመጥም ጥያቄ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው በአገራችን አዲስ አይደለም። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጦር 536 ቁስለኞች እንደነበሩት ተመዝግቧል። በ1983 ዓ.ም. ከ400 ሺህ በላይ የሆነው የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን፣ የሠራዊቱን አባላትና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሥርቶ ነበር። ከዚያም ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት፣ ቀጥሎም ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነት ብዙ ወጣቶችን አካለ ጎደሎ አድርጎ መለሰ። በየትኛውም ወገን ይሰለፍ፣ እግሩን ያጣ ሰው ዛሬ የሚረግጠው አንድ ዓይነት ጭቃ ነው።

አሁን ወደ ተማሪዎቹ ልምጣ። በአሜሪካ አገር ጆን ሞኔት የተባሉ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ክዋሊቲ ኦፍ ላይፍ ፕላስ የሚባል ድርጅት መሠረቱ። መነሻው እሳቸው በተማሩበት በካሊፎርኒያ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። በጦርነት የተጎዳ ወታደር ይመጣና ለምሕንድስና ተማሪዎች ችግሩን ይነግራቸዋል፤ እነሱም የመመረቂያ ሥራቸውን በዚያው ችግር ላይ ያደርጋሉ። ልብ በሉ፤ ጥያቄውን የሚያወጣው መምህሩ አይደለም፤ ወታደሩ ነው። እኔን ያስደነቀኝም ይኸው ቅደም ተከተል ነው።

አባቶቻችን «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላሉ። ብዙ መሐንዲስ ግን ሳያውቀው ቡዳ ይሆናል። ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ሥዕሉን ይነድፋል፤ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚለብሰውን ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ሆኖ የተሠራ መሣሪያ ፎቶግራፍ ላይ ያምራል፤ ከሳምንት በኋላ ግን የሚገኘው አልጋ ሥር ነው።

የሕንድ አገር ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በጃይፑር ከተማ ዶክተር ፕራሞድ ካራን ሴቲ የተባሉ የአጥንት ሐኪም ነበሩ። እግራቸው የተቆረጠ ድኾች ከውጭ አገር የመጣውን ሰው ሠራሽ እግር ይቀበሉና ብዙም ሳይቆዩ ይጥሉት ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ያ እግር የተሠራው ጫማ ለሚያደርግና ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ነው። የሕንድ ገበሬ ግን በባዶ እግሩ ውኃ በተኛበት የሩዝ ማሳ ይገባል፤ ቁጢጥ ይላል፤ እግሩን አጣጥፎ መሬት ላይ ይቀመጣል። መፍትሔውን ያመጣው ራም ቻንድራ ሻርማ የሚባል፣ ብዙ ያልተማረ ባለ እጅ ነው። እንደሚነገረው፣ አንድ ቀን የብስክሌቱ ጎማ ሲበላሽ ጎማ ጠጋኝ ዘንድ ይሄዳል፤ እዚያም ያረጀ የመኪና ጎማ በሙቀት አዲስ ላስቲክ ሲለበስ ያያል፤ እግርም በዚሁ መንገድ ሊሠራ እንደሚችል ያስባል። እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. ገደማ ሐኪሙና ባለ እጁ ተባብረው የጃይፑር እግር በመባል የታወቀውን ሠሩ። ያለ ጫማ የሚኬድበት፣ ውኃ የማይፈራ፣ የሚተጣጠፍ የላስቲክ እግር ነው። ዶክተር ሴቲም በ1981 እ.ኤ.አ. የማግሳይሳይ ሽልማትን ተቀበሉ።

ይህን ታሪክ ወደ እኛ አገር ስናመጣው ጥያቄው ይለወጣል። የእኛ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ወይም መስጊድ ሲሰግድ ጫማውን ያወልቃል፤ በጫማ ብቻ የሚቆም እግር ታዲያ በሩ ላይ ምን ይሁን? ለቡና በርጩማ ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ሽንት ቤቱ ብዙ ጊዜ ቁጢጥ የሚሉበት ነው። ይህን ሁሉ የውጭ አገር መጽሐፍ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ «ጋሼ፤ ከእንቅልፍዎ ተነሥተው እስኪተኙ ቀኑን እንዴት ይውላሉ?» ብላችሁ የጠየቃችሁት ሰው ብቻ ነው።

ጠይቆ መሥራት ማለትም አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ መሄድ አይደለም። ኤሞስ ዊንተር የሚባል የኤም.አይ.ቲ. ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. ታንዛንያ ሄዶ ስለ ተሽከርካሪ ወንበር አጠና። የገጠሩ መንገድ ሩቅና ወጣ ገባ ነው፤ ተራው ወንበር ደግሞ የተሠራው ለለሰለሰ ወለል ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በሁለት ዘንጎች የሚገፋ ወንበር ነደፈ። ዘንጉን ከፍ አድርገው ሲይዙት ጉልበት ይሰጣል፤ ዝቅ አድርገው ሲይዙት ይፈጥናል። ካቴናውና ጥርሳ ጥርሱ በየትም አገር ከሚገኝ ብስክሌት የተወሰደ ስለሆነ በመንደር ጠጋኝ ይጠገናል። ነገር ግን የመጀመሪያው ወንበር በምሥራቅ አፍሪካ ሲሞከር፣ ተጠቃሚዎቹ «በሜዳ ላይ መልካም ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ሰፊና ከባድ ሆነብን» አሉ። ተማሪዎቹ አልተከራከሩም፤ ተመልሰው አጠበቡት፤ ክብደቱንም ቀነሱት። ወንበሩን ከአልጋ ሥር ያዳነው ይህ ሁለተኛው ጉዞ ነው።

አሁን እናንተን፣ በአምስት ኪሎ የምትማሩትን፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የምሕንድስና ትምህርት በአገራችን በኮሌጅ ደረጃ ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሰጥ ኖሯል። ከተማሪ ቤታችሁ እስከ መርካቶ ያለው መንገድ በታክሲ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ምናለሽ ተራን አይታችሁታል? እዚያ የተጣለ ላሜራ ምጣድ መጣጃ ይሆናል፤ የበርሜል ክዳን ሌላ ዕቃ ይሆናል። ያረጀ ጎማ ጫማ ሆኖ ዓመት ያገለግላል። ካላማዳሪ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ብሎን ሁሉ ይገኛል፤ ከሁሉም በላይ ላሜራውን በዓይኑ ለክቶ የሚያጥፍ ባለ እጅ ይገኛል። የጃይፑሩ ራም ቻንድራ በየጎዳናችን አለ፤ የጎደለው ዶክተር ሴቲን የሚሆን፣ አጠገቡ በርጩማ ስቦ የሚቀመጥ የተማረ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሰው ሠራሽ እግርን በተለይም የተቆረጠውን ክፍል የሚያቅፈውን ማቀፊያ በግምት አትሥሩ። ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ባለሙያው የቀረውን እግር በጀሶ ይለካዋል፤ ከጀሶው ቅርጹን ያወጣል፤ በቅርጹ ላይ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለውን ፕላስቲክ በሙቀት አለስልሶ ይለብጠዋል። ክብደት ሊችል የሚገባውን ሥጋ ጠበቅ፣ አጥንት ከቆዳ የቀረበበትን ላላ ያደርገዋል። የተቆረጠው እግርም በመጀመሪያዎቹ ወራት እየኮሰሰ ስለሚሄድ ማቀፊያው መለወጥ አለበት። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ በዚህ ሙያ ሲረዳ ቆይቷል፤ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በደሴ፣ በመቀሌና በአርባ ምንጭም ማዕከሎች አሉ። ያልተስተካከለ ማቀፊያ ያቆስላል፤ ቁስሉም ሰውየውን እንደገና አልጋ ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ ማቀፊያውን ለባለሙያው ተዉለት።

ታዲያ ለእናንተ ምን ቀረ? ብዙ ቀረ። እግር ሰውየውን ገበያ ያደርሰዋል፤ ሥራውን ግን አይሠራለትም። ያንን የሽንኩርት ነጋዴያችንን መልሳችሁ አስቡት። የጆንያውን አፍ ከፍቶ የሚይዝ፣ በወገብ ቁመት የቆመ የብረት ቀለበት ቢኖረው በደኅና እጁ ብቻ ይሰፋል። ሚዛኑ ከመሬት ከፍ ብሎ ቢቀመጥና ከጎኑ ጋሪ የሚወጣበት መወጣጫ ቢደረግለት ማጎንበስና መሸከም አያስፈልገውም። የክራንቹ ጫፍ ከመኪና ጎማ ተቆርጦ ሰፋ ብሎ፣ መስመር ወጥቶለት ቢሠራ ጭቃውን ይቆነጥጣል። ጣት በጎደለው እጅ ላይ በቆዳ ማሰሪያ የሚታሰር ጉጠት ቢኖር ብሩን ይቆጥራል። ከእነዚህ አንዱም ከተወሳሰበ መሣሪያ የሚቆጠር አይደለም። ነገር ግን አንዱ እንኳ ሰውየው ሳይጠየቅ ልኩን አያገኝም፤ ቀለበቱ አንድ ስንዝር ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ድካሙ ከንቱ ነው።

እናንተም በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣት ሠራተኞች «ይህ የመሐንዲሶች ወሬ ነው» ብላችሁ ገጹን አትገልብጡት። ያ ነጋዴ የንግድ ፈቃዱን ለማደስ የሚመጣው እናንተው ዘንድ ነው። ክፍላችሁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሆነና ሊፍቱ ከተበላሸ፣ ተማሪዎቹ የደከሙበት ሁሉ ደረጃው ሥር ቆሞ ይቀራል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መዘዋወሪያ እንዲኖረው አዝዟል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራውን ሁኔታ እንዲያመቻች ግዴታ ይጥልበታል። አገራችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብላለች። ሕጉ አለ፤ ነገር ግን ሕግ በራሱ ከሦስተኛ ፎቅ አይወርድም። ወረቀቱን ይዞ ወደ ታች የሚወርድ፣ ባለጉዳዩንም በር ላይ የሚያስተናግድ አንድ ጸሐፊ ያስፈልገዋል። ያ ጸሐፊ ከእናንተ አንዱ መሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ባወጡት ዘገባ፣ በዓለም ላይ 2.5 ቢሊዮን ሰዎች መነጽርን፣ ተሽከርካሪ ወንበርንና የመሰለውን የመርጃ መሣሪያ ይፈልጋሉ። በድኻ አገሮች ግን ከሚፈልጉት 100 ሰዎች መካከል የሚያገኙት 3 ብቻ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ለአንድ ተማሪ ይከብዳል። እኔ ከናንተ የምለምነው ግን ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው።

አንድ የመመረቂያ ሥራ ሲያልቅ መሣሪያው ለፈታኞች ይታያል፤ ማርክ ይሰጣል፤ ከዚያም መደርደሪያ ላይ ወጥቶ አቧራ ይለብሳል። ችግሩን የነገራችሁ ሰው ግን ቤቱ ሆኖ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ በጦርነት የተጎዳ ሰው፣ ለሁለተኛ ጊዜ በተስፋ መጎዳት የለበትም። ስለዚህ ጠይቃችሁ ከጀመራችሁ ሠርታችሁ ስጡት፤ ከሰጣችሁትም ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ ሂዱና «ጋሼ፤ ዕቃው እንዴት ሆነልዎት?» በሉት። «ልጄ፤ እዚህ ጋ ይቆረቁረኛል» ካላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ እየተጠቀመበት ነው ማለት ነው። መፍቻችሁን አውጡና ሥራችሁን ቀጥሉ።