የሚመታ ሁሉ ልብ አይደለም
እ.ኤ.አ. በ2008 ዶሪስ ቴይለርና ባልደረቦቻቸው በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የአይጥን ልብ በሳሙና መሰል ኬሚካል አጥበው ሕዋሳቱን አስወገዱ። የቀረው የደም ሥሮቹን ቅርጽ የጠበቀ፣ ኮላጅን የበዛበት አውታር ነበር። በእርሱም ላይ ከአራስ አይጥ የተወሰዱ የልብ ሕዋሳት ተዘሩበት። በ8ኛው ቀን ልቡ ደም የመግፋት አቅሙ ከጎልማሳ ልብ 2 በመቶ ያህል ሆኖ ተለካ።

ዜናው ያተኮረው በመምታቱ ላይ ነው። ይሁንና የልብ ጡንቻ ሕዋስ በላቦራቶሪ ሳህን ላይም ይመታል። የሚያስቸግረው ሕዋሳቱ በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው በአንድነት እንዲኮማተሩና ከደም ሥር ሳይርቁ እንዲኖሩ ማድረግ ነው፤ ኦክስጅን በሕብረ ሕዋስ ውስጥ በራሱ ሰርጾ ከ0.2 ሚሊሜትር እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ በዚህ መስክ የሚቀርብ ጽሑፍ የምቱን ቪዲዮ ከማሳየቱ በፊት የመኮማተር ኃይሉን በቁጥር ሊገልጽ ይገባል። የቴይለር ቡድን ያን ትንሽ ቁጥር ሳይደብቅ አሳትሞታል።