የገዳሪፍ ሙቀትና የካንዴላ ቁጥር

ከሱዳኑ ገዳሪፍ እስከ መተማ ባለው ቆላ፣ በሚያዝያና በግንቦት ጥላ ሥር እንኳ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። በዚህ ንዳድ ባለ ተርቦ የቤንዚን መኪና የያዘ ሰው «አገሩ ይፈላል፣ ቀዝቃዛ ካንዴላ ይግባልኝ» ቢል የሚፈርድበት የለም። ምክንያቱ ግን አይዋጥልኝም። ቀዝቃዛም ሞቃትም የሚባለው ካንዴላ ብልጭታው አንድ ነው፤ የሚለያዩት ጫፉ ላይ የሚከማቸውን ሙቀት ወደ ቴስታታው በሚያሳልፉበት ፍጥነት ነው። የነጩ ሸክላ አፍንጫ አጭር ሲሆን ሙቀቱ ቶሎ ይወጣል፣ ሲረዝም ይቆያል። ጫፉ 500 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ ጥላሸት ይለብሳል፤ ከ800 አልፎ ከሄደ ደግሞ ብልጭታውን ሳይጠብቅ ነዳጁን ራሱ ያቀጣጥላል፣ ፒስቶን የሚበሳውም ያኔ ነው። ካንዴላውን በአንድ ደረጃ ማቀዝቀዝ የጫፉን ሙቀት ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ያህል ያወርዳል። ከዚህ ጋር ሲተያይ በደጋውና በቆላው አየር መካከል ያለው የ20 ዲግሪ ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ካንዴላውን የሚያግለው ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየርና ነዳጅ ነው፣ መጠኑንም የሚወስነው ተርቦው ነው። ፋብሪካው የካንዴላውን የሙቀት ደረጃ ቁጥር የመረጠው ይህን አስልቶ ስለሆነ፣ ያልተነካካ ሞተር የፋብሪካውን ቁጥር ይዞ ገዳሪፍም ጎንደርም ይኖራል። የተርቦው ግፊት ከተጨመረ ግን አንድ ደረጃ መቀዝቀዝ ተገቢ ነው፤ ሁለት ደረጃ የሚያስፈልገው ለውድድር መኪና ነው።

«ታዲያ ሞተሩ በዚህ ሙቀት ለምን ያንኳኳል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ተርቦ የ45 ዲግሪ አየር ሲያምቅ ሙቀቱን ከ100 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፤ ኢንተርኩለሩም ቢሆን ከውጭው አየር በታች ሊያወርደው አይችልም። በአቧራ ከተደፈነማ አለ አይባልም። በዚህ ላይ በድንበር መንደር በጀሪካን የሚሸጥ፣ ከምን እንደተቀላቀለ የማይታወቅ ቤንዚን ሲጨመርበት ሞተሩ ቢያንኳኳ አይገርምም። መድኃኒቱ ኢንተርኩለሩን ማጽዳትና ደህና ነዳጅ መፈለግ እንጂ ካንዴላ መለወጥ አይደለም። ያለቦታው የገባ ቀዝቃዛ ካንዴላ በነዳጅ ወረፋና በኬላ ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ ሲቆም ጥላሸት ይይዛል፤ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚንም ይበላል። ነባር መካኒኮች «ደጋ ሲወጣ ሞተር ይቀዘቅዛል» የሚሉት ተርቦ ለሌለው መኪና እውነት ነው። ገዳሪፍ 600 ሜትር ገደማ፣ ጎንደር ከ2,100 በላይ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በዚያ ዳገት አየር እያጠረው ይደክማል። ተርቦ ግን የጎደለውን አየር አብዛኛውን ስለሚተካ ዳገቱ ላይ የካንዴላው ሸክም እምብዛም አይቀልም።

በዚያ አካባቢ ሰሊጥና ማሽላ የሚያመላልሰው ከባድ መኪናና ትራክተር ናፍጣ ነው፣ ናፍጣ ደግሞ ይህ ካንዴላ የለውም፤ ክርክሩ ለጥቂቶች ነው ቢባል እቀበላለሁ። ነገር ግን ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ፣ በእጅ ያለው ባለ ተርቦ መኪና ለብዙ ዓመት እየተጠገነ መሄዱ አይቀርም። ለዚህ ባለቤት የምፈራለት የአገሩን ሙቀት ሳይሆን የመለዋወጫ ሱቁን ነው። በኤን ጂ ኬና በዴንሶ ካንዴላ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል፣ በቦሽ ግን ይሞቃል። ከኤን ጂ ኬ 6 ወደ ቀዝቃዛ እሄዳለሁ ብሎ ቦሽ 7 የገዛ ሰው የያዘው ከነበረበት ደረጃ ብዙም የማይርቅ ካንዴላ ነው፤ ቦሽ 8 ከገዛ ደግሞ ይባስ ብሎ ወደ ሞቃቱ ሄዷል።