ሳይመረመር ስለሚፈረድበት ኮምፒዩተር

በኢሉባቦር፣ በመቱ፣ በጎሬም ሆነ በኖፓ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚተዳደር ሰው፣ በሊኑክስ ላይ የሚሠራበት ዳርክቴብል የተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ሥዕሉን ቢያጠቁርበት ወይም ሥራው መካከል በድንገት ቢዘጋበት፣ ኮምፒዩተሩን ይዞ ወደ ጥገና ቤት በሄደ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ብያኔ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ይህ ልማድ እንደ ጥበብ ተቆጥሮ ከጌታው ወደ ደቀ መዝሙሩ መተላለፉ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ሳይመረምር ፎርማት የሚያደርግ ሰው የጥፋቱ ምክንያት የተመዘገበበትን ማስረጃ በገዛ እጁ ይደመስሳልና፤ ባክአፕ ያልተደረገለት የአንድ ቤተሰብ የሠርግ ፎቶም አብሮ ይጠፋል።

ነገሩ ከሥሩ ሲታይ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የወጣው ኦፕንሲኤል የተባለው ደንብ ግራፊክስ ካርድ ማያ ገጹን ከመሣል አልፎ ለማናቸውም ስሌት እንዲያገለግል የጋራ መንገድ ከፈተ፤ ዳርክቴብልም ከባዱን ሥራ ለካርዱ የሚያስረክበው በዚሁ ደንብ ነው። ደንቡ አንድ ይሁን እንጂ ፈጻሚዎቹ ድራይቨሮች ልዩ ልዩ ናቸው፤ ኤንቪዲያ የራሱ አለው፣ ኤኤምዲ ሮክኤምን ያቀርባል፣ ሜሳ በተባለው ነጻ የድራይቨሮች ስብስብ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2022 ረስቲክል ተጨምሯል። ኩባንያዎቹ ደግሞ አሮጌውን ካርድ በየጊዜው ይተዉታል፤ የኬፕለር ትውልድ ካርዶች የሚሠሩበት የኤንቪዲያ 470 ድራይቨር ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2024 አብቅቷል። ያገለገለ ዕቃ ገዝቶ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አሥር ጊዜ ፎርማት ቢደረግም የተቋረጠው ድጋፍ አይመለስምና።

የኤንቪዲያ ድራይቨር ደግሞ ከሊኑክስ ከርነል ጋር ተስማምቶ መገንባት አለበት፤ ስለዚህ አዲሱ ከርነል ገብቶ ድራይቨሩ ገና ሳይገነባለት መብራት የጠፋ እንደሆነ፣ ኮምፒዩተሩ በማግሥቱ ተነሥቶ ማያ ገጹ ቢበራም ዳርክቴብል ካርዱን አያገኘውም። ለዚህ ተቋርጦ የቀረውን ጭነት ማስጨረስ ይበቃል። ጥፋቱ ከወዴት እንደ ሆነ ለመለየትም በዳርክቴብል ምርጫዎች ውስጥ ኦፕንሲኤልን አጥፍቶ ያንኑ ፎቶ እንደገና መክፈት ነው፤ ሥዕሉ ከጠራ ጥርጣሬው በድራይቨሩና በካርዱ ላይ ያርፋል፣ ካልጠራም ምክንያቱ በሌላ ስፍራ ይፈለጋል። ከዳርክቴብል ጋር አብሮ የሚመጣው «ዳርክቴብል ሲኤልቴስት» የተባለው ትእዛዝ ደግሞ የትኛው ካርድ እንደ ታየና ምን ያህል ሜሞሪ እንዳለው በግልጽ ይዘረዝራል።

እንግዲያውስ ካርዱን ጨርሶ መተውና በፕሮሰሰሩ ብቻ መሥራት ይሻላል የሚሉ አሉ። በኢሉባቦር ይህ ምክር አይበጅም። በያዩ ጫካ ቡና ጥላ ሥር ወይም በሶር ፏፏቴ ግርጌ በደመናማ ቀን የሚነሣ ፎቶ ብርሃን ስለሚያንሰው አይኤስኦው ከፍ ይላል፣ ነቁጡም ይበዛል፤ ይህን ነቁጥ የሚያጸዳው የዳርክቴብል ክፍል ደግሞ ብርቱ ስሌት ከሚጠይቁት አንዱ ነውና፣ የአንድ ሠርግ ፎቶዎችን ሁሉ ያለ ካርድ ማውጣት የባለሙያውን ሌሊት ይበላል።

ስለዚህ ጠጋኞች ሆይ፣ ፎርማት ከማለታችሁ አስቀድማችሁ ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፣ ኦፕንሲኤልን አጥፍታችሁ ፈትኑ፣ ሲኤልቴስት የሚያወጣውንም አንብቡ። ይህን ሳያደርግ የሰውን ሥራ የሚደመስስ ሁሉ ዋጋ ሊቀበል አይገባውም።