አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም

የ7ኛ ክፍል ተማሪ «ውሃ በስንት ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል?» ሲባል ዓይኑን ሳያሽ «በ100!» ይላል። ይጨበጨብለታል። ልጁ ያለው አዲስ አበባ ከሆነ ግን የተጨበጨበው ለስህተት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃውም 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ደብረ ብርሃን ላይ ከዚያም ይቀንሳል። መጽሐፉ አልዋሸም፤ 100 የሚለው በባሕር ጠለል ላይ ላለው ግፊት ነው። ያቺ ቅድመ ሁኔታ ግን ከመጽሐፍ ወደ ሰሌዳ፣ ከሰሌዳ ወደ ደብተር ስትጓዝ መንገድ ላይ ትቀራለች።

አንዲት ተማሪ ለክታ 92 ብታነብስ? (በትኩሳት መለኪያ አይሞከርም፤ እሱ እስከ 42 ብቻ ነው፤ የመስታወቱ ዓይነት ይፈነዳል።) «መሣሪያሽ ተበላሽቷል» የሚላት ይበዛል። ያኔ የምትማረው ፊዚክስ አይደለም፤ ዓይኗን ተጠራጥራ ደብተሯን ማመን ነው።

ስለ ሳይንስ ትምህርት በተነሳ ቁጥር የሚሰማው ሰበብ አንድ ነው፦ «ቤተ ሙከራ የለንም።» በብዙ ትምህርት ቤት እውነት ነው፤ ክፍሉም ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ መምህሩ የሚቆምበት ያጣል። ነገር ግን የወላጆች ቀን ሲደርስ ገንዘቡም ጊዜውም ይገኛል። ከጋዜጣና ከሙጫ ተራራ ይሠራል፤ ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ይጨመርበታል፤ ቀይ አረፋ ይገነፍላል፤ «እሳተ ገሞራ» ተብሎ ፎቶ ይነሳል። አረፋውን ያስነሳው አሲድና ቤዝ ተገናኝተው የፈጠሩት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አፋር ውስጥ ያለውን ኤርታ አሌን የሚያንተከትከው ግን የቀለጠ ዐለት ነው፤ ከታችም ምድር እየተሰነጠቀች ነው። ኤርታ አሌ ያለባት አገር ልጅ እሳተ ገሞራን በኮምጣጤ መማሩ ያሳፍራል።

ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እቤቱ እንጀራ ላይ ዓይን ያወጣል፤ ይህን ግን ማንም አይጠይቀውም። ቡኮው ሳይቦካ የተጋገረ እንጀራ ለምን ዓይን አይኖረውም? እናቱ ባቄላ ለመቀቀል በግፊት የሚያበስለውን ድስት ለምን መረጠች? ድስቱ ግፊቱን ሲጨምር ውሃው ሳይፈላ የበለጠ ይግላል፤ ደጋ ላይ ያጣነውን ሙቀት ይመልሳል ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ድስትና ጥያቄ የሚፈቅድ መምህር ነው።

መምህራን «ፈተናውስ?» ይላሉ፤ ልክ ናቸው። በምርጫ የሚመጣ፣ ሽምደዳን የሚሸልም ፈተና እያለ መምህሩን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። ስለዚህ ክሴ ወደ ፈተና አውጪዎቹ ይዞራል። ምርጫም ቢሆን እኮ ማሰብን ሊጠይቅ ይችላል፦ «በሰኔ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላው ወዴት ይወድቃል? ሀ. ወደ ሰሜን፤ ለ. ወደ ደቡብ፤ ሐ. ወደ ምሥራቅ፤ መ. ወደ ምዕራብ።» በዚያ ወር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ መልሱ «ለ» ነው። የ8ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ የሚሰጠው ሰኔ ላይ ነው። ደመና ካልጋረደ፣ ግቢው ውስጥ የቆመውን የባንዲራ እንጨት በመስኮት አይቶ የመለሰውን ልጅ ፈታኙ ኮረጀ ይለው ይሆን?