«እርጅና ነው» የሚባል በሽታ የለም

አረጋዊን መጦር በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫው የማይነሣ ልጅ ባለጌ ይባላል። ነገር ግን አክብሮት ብቻውን ሕመምን አያድንም። እናቱን ደግፎ ወደ ጤና ጣቢያ ያመጣ ልጅ «እርጅና ነው፤ ወደ ቤት ይውሰዷቸው» ተብሎ መመለሱን ደጋግመን እንሰማለን። እንዲህ ያለው መልስ የሚመጣው ከባለሙያው ክፋት ሳይሆን ከትምህርቱ ጉድለት ነው ብለን እናምናለን።

ያረጀ ሰውነት ሕመሙን እንደ ወጣት አይናገርም። የሳንባ ምች የያዘው ወጣት ትኩሳቱ ይነድዳል፤ ያው በሽታ የያዛቸው የ80 ዓመት አዛውንት ግን ያለ ትኩሳት በድንገት ሊዘባርቁ፣ ምግብ ሊተዉ ወይም ሊወድቁ ይችላሉ። ኩላሊት በዕድሜ ስለሚደክም ለጎልማሳ የሚስማማው የመድኃኒት መጠን ለእርሳቸው ሊበዛ ይችላል። ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለቁርጥማት በልዩ ልዩ ሐኪሞች የታዘዘው መድኃኒት ሲደራረብም ራስ ማዞርንና መውደቅን ሊያመጣ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን የተደረገው ጥናት ደግሞ ከዓይነ ሥውርነት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው በዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል፤ የዓይን ሞራም በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነው። እንግዲህ «እርጅና ነው» ተብለው በጨለማ የተቀመጡት ስንት ይሆኑ?

እስካሁን ሥልጠናው ይበልጡን ያተኮረው በእናቶች፣ በሕፃናትና በተላላፊ በሽታዎች ላይ ነው። ይህም ተገቢ ነበረ፤ ፍሬውም ታይቷል። ከ70 ዓመት በፊት ከ40 ዓመት በታች የነበረው የኢትዮጵያውያን አማካይ ዕድሜ ዛሬ ከ65 ይበልጣል። ያን ጊዜ ከሞት የተረፉት ሕፃናት ዛሬ አያቶች ሆነዋል፤ የሚያክማቸውም ይሻሉ።

በእርጅና ሕክምና የተካኑ ሐኪሞች እስኪበዙ እንጠብቅ የሚሉ ይኖራሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ኮሌጁ ግን የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድነት አሠለጠነ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብርም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኞችን መድቦ ቤት ለቤት ማስተማርን ልማድ አደረገ። ለአረጋውያንም መንገዱ ይኸው ነው። በእያንዳንዱ የነርስና የጤና መኮንን ትምህርት ቤት የአረጋውያን ክብካቤ ፈተና ያለው፣ በሕሙማን አጠገብም የሚለማመዱት ትምህርት ይሁን። ሕፃኑን ልትጠይቅ ወደ ቤት የገባች የጤና ሠራተኛም አያቲቱን ሳትጠይቅ አትውጣ፤ ያያሉን፣ ይሰማሉን፣ ወድቀው ያውቃሉን፣ የሚወስዱትስ መድኃኒት ምንድር ነው ትበል።

መምህራን ሆይ፣ ሙያ ለሚመርጡ ተማሪዎቻችሁ ይህ ሥራ ሠራተኛ እንደሚጠብቅ ንገሯቸው። የከተማችን ነዋሪዎችም አረጋዊ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ስትሄዱ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ቅረቡ። «እርጅና ነው» ስትባሉም በትሕትና «የትኛው በሽታ ተመርምሮ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዕድሜ ከሰጠን ሁላችንም ወደዚያው ነንና፣ ዛሬ የምናሠለጥነው ባለሙያ ነገ የራሳችንን እጅ የሚይዝ ነው።